ፊልም ላይ ወንድና ሴት እንዴት እንደተሳሉ ማየት ለምትፈልጉ

ብዙ ጊዜ ፊልም አይተን ስንጨርስ ወይ "ሴትዮዋ ጀግና ናት ባክህ" ወይ "ለጌጥ ነው ያስገቧት" ብለን እንዘጋዋለን። ሽጉጥ ስላስያዟት ግን ነገር ተቀየረ ማለት አይደለም። እኔ የማየው ማን አየ፣ ማን ወሰነ፣ በማን ተሳቀ የሚለውን ነው። እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)።

በመጀመሪያ ያያችሁትን ፊልም ምረጡ። አዲስ ከሆነ ማን ገደለው ማንን አገባች እያላችሁ ታሪኩ ይዟችሁ ይሄዳል፣ ካሜራው ትዝም አይላችሁ።

ከዛ ድምፁን አጥፉትና ዋናዎቹ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ የሚሉበትን ሲን ብቻ እዩ። ምን እየሰሩ ነው? ካሜራው ከፊት ነው የጀመረው ከእግር? እኛስ በማን አይን ነው የምናየው? ሎራ መልቪ የምትባል እንግሊዛዊት 1975 ላይ የፃፈችው ነገር ይሄው ነው፣ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ የወንድ አይን ነው፣ ወንዱ ያያል ሴቷ ትታያለች ነው የምትለው።

ጀምስ ቦንድን ውሰዱ። 1962 በወጣው በመጀመሪያው ፊልም፣ ዶክተር ኖ ላይ፣ ኡርሱላ አንድረስ ነጭ ቢኪኒ ለብሳ፣ ወገቧ ላይ ጩቤ ታጥቃ፣ ዛጎል ይዛ እያንጎራጎረች ከባህር ትወጣለች፣ ቦንድ ከዳር ሆኖ ያያታል እኛም ከሱ ጋር እናያታለን፣ እሷ ግን እየታየች መሆኑን አታውቅም። ልብ በሉ፣ ጩቤ ታጥቃለች እኮ! 2002 ላይ ዳይ አናዘር ደይ በሚባለው የቦንድ ፊልም ሃሊ ቤሪ በብርቱካናማ ቢኪኒ ያንኑ ሲን ደገመችው፣ ቦንድ ጭራሽ በባይኖኩላር ነው የሚያያት። 2006 ካሲኖ ሮያል ላይ ግን ከባህር የሚወጣው ራሱ ቦንድ ሆነ፣ ዳንኤል ክሬግ በዋና ቁምጣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ የምታየው ደግሞ ፈረስ ላይ ያለች ሴት ናት። ብዙ ሰው ያኔ "አሁንስ ተገለበጠ" ብሎ ነበር። ተገልብጧል፣ ግን ያየችው ሴትዮ ፊልሙ ሳይጋመስ ትገደላለች፣ ስለዚህ ብዙም አትቸኩሉ። ሦስቱን ሲኖች አከታትላችሁ ብታዩዋቸው አስር ደቂቃ አይፈጅባችሁም፣ ለመለማመጃ ከዚህ የተሻለ የለም።

የቤክደል ፈተና የሚባለውንም ሰምታችሁ ይሆናል። ካርቱኒስቷ አሊሰን ቤክደል 1985 ላይ በስዕል ያወጣችው ነው፣ ፊልሙ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴቶች አሉ ወይ፣ እርስ በርስ ያወራሉ ወይ፣ የሚያወሩት ከወንድ ውጪ ስለሆነ ነገር ነው ወይ። ለጅምር አሪፍ ነው፣ ከዛ በላይ ግን አትመኑት፣ ምክንያቱም ሁለት ሴቶች ስለ ጫማ ሁለት ዓረፍተ ነገር ካወሩ ፊልሙ ያልፋል፣ ሳንድራ ቡሎክ አብዛኛውን ጊዜ ጠፈር ላይ ብቻዋን የምትታገልበት ግራቪቲ ደግሞ ይወድቃል።

የኔ ዋናው መንገድ ወረቀት ማውጣት ነው። ታሪኩ የታጠፈባቸውን አምስት ስድስት ቦታዎች ፃፉና ከእያንዳንዱ ጎን ውሳኔው የማን እንደነበር አስቀምጡ። የህንድ ፊልም ወዳጆች ዳንጋል ላይ (2016፣ አሚር ካን) ሞክሩት። አባትየው ወንድ ልጅ ሲመኝ አራት ሴት ልጆች ወለደ፣ ከዛ ትልልቆቹን ሁለቱን የትግል ስፖርት አሰልጣኝ ሆነባቸው። ይሩጡ ያለው እሱ፣ ፀጉራቸውን ያስቆረጠው እሱ፣ ሴት ልጅ ትታገላለች ወይ ካለው መንደር ጋር የተጣላውም እሱ። እና ይሄ የሴቶች ነፃነት ነው ወይስ የአባት ህልም? ወረቀታችሁ ላይ "አባት፣ አባት፣ አባት" እያለ ይሄዳል። ከዛ ሰርግ ላይ 14 ዓመቷ የሆነ ሙሽራ ጓደኛቸው "እናንተስ አባታችሁ እንደ ልጅ ቆጥሯችኋል" ዓይነት ነገር ስትላቸው ይለወጣል፣ ከዛ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው ነው የሚነሱት። መጨረሻ ላይ ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ አባትየውን ክፍል ውስጥ ያስቆልፍበትና ትልቋ ልጅ ጊታ ፍልሚያውን ያለሱ ታሸንፋለች። እውነተኛዋ ጊታ ፎጋት 2010 ዴልሂ ኮመንዌልዝ ጨዋታ ላይ ወርቅ ወስዳለች፣ የአባትየው መቆለፍ ግን ፊልም ሰሪዎቹ የጨመሩት ነው። ለምን ጨመሩት? እኔ እንደሚመስለኝ እሱ አጠገቧ ካለ ድሉ የሷ ስለማይሆን ነው፣ ችግሩን ራሳቸውም አይተውታል።

ወንዶቹን አትርሱ፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። "ወንድ ወደ ችሎት ሴት ወደ ማጀት" የምንለው ነገር ሴቷ ችሎት ስለገባች ብቻ አይፈርስም፣ ወንዱም ማጀት ሲገባ ምን እንደሚሆን ማየት አለባችሁ። የኛ ኮሜዲዎች ላይ ወንድ ሽርጥ ካሰረ ሳቅ ሊመጣ ነው ማለት ነው፣ ሽንኩርቱ ያርራል፣ ጓደኛው ድንገት ይመጣል ምናምን። ስለዚህ ሲሳቅ አቁሙትና ሳቁ ስራውን ስላልቻለ ነው ወይስ ያንን ስራ በመስራቱ ብቻ ብላችሁ ጠይቁ።

ክሬመር ቨርሰስ ክሬመር (1979) ላይ ደስቲን ሆፍማን ሚስቱ ጥላው በሄደች ማግስት ለልጁ ቁርስ ይሰራል። እንቁላሉን ማግ ውስጥ ይመታል፣ ዳቦው አልገባ ሲለው ያጥፈዋል፣ መጥበሻው እጁን ያቃጥለዋል፣ በመሀል ግን ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው ማውራቱን አያቆምም። ያስቃል። መጨረሻ ላይ ያው ቁርስ ይደገማል፣ አሁን አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ እጃቸው ለምዶት ይሰራሉ፣ ማንም አይስቅም። በኔ እይታ ስለ ወንድነት የተሰራ ጥሩ ነገር ይሄ ነው። ያው ፊልሙ ለእናትየዋ ብዙ ጊዜ አልሰጣትም፣ ፍርድ ቤት ልጁን ለሷ ከፈረደ በኋላ እንኳ ትታ የምትሄደው እሷ ናት፣ ይሄም እዛው ወረቀት ላይ ይግባ።

ከኛ ሀገር ድፍረትን (2014፣ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ) እዩ። 1996 ላይ የሆነ እውነተኛ ታሪክ ነው፣ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅና ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ፣ ኋላ 2018 ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት። ሁሉም ሰው ጠበቃዋን ነው የሚያየው፣ እናንተ ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡበትን ሲን ቆም ብላችሁ እዩት፣ ማን ተቀመጠ፣ ማን ተናገረ፣ የልጅቷ አባትስ መናገር ሲገባው ፊቱ ምን ይላል? እዛ ስብሰባ ላይ ወንድ መሆን ምን ያህል እንደሚከብድ የምታዩት እሱ ላይ ነው።

ከቻላችሁ ወንድ ከሆናችሁ ከእህታችሁ ወይ ከሴት ጓደኛችሁ ጋር፣ ሴት ከሆናችሁ ደግሞ ከወንድ ጋር እዩ። ሁለታችሁም የየራሳችሁን ወረቀት ያዙ፣ ፅፋችሁ ሳትጨርሱ ግን እንዳታወሩ፣ ቀድሞ የተናገረው ሌላውን ይጎትተዋል።