ቤት ሲገዙ ወይም ወደ አነስ ያለ ቤት ሲዛወሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤት ሲገዛም ሲሸጥም የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነው?» ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው ግን ዋጋው ተከፍሎ፣ ቁልፉ ተረክቦ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ከተባለ በኋላ ነው። ኑሮን የሚያናጋው ከዚያ ወዲያ በየወሩ የሚወጣው ገንዘብ ነው። የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ወጣትም ይሁን ልጆቹ ወጥተው ሰፊው ቤት የበዛበት ጡረተኛ፣ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። ስለዚህ የሁለቱንም ጉዳይ አብሬ አነሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ገዢው፣ ከዚያ ቤት ስለሚያሳንሰው።

ባንኩ የፈቀደውን ያህል መበደር

ባንክ ብድር ሲፈቅድ የሚያየው ገቢዎን፣ ያለብዎትን ሌላ ዕዳና መያዣ የሚሆነውን ቤት ነው። የሚጦሯቸው ወላጆች፣ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ፣ ሥራ የመቀየር ሐሳብ፣ እነዚህ ሁሉ በባንኩ ስሌት ውስጥ እምብዛም ቦታ የላቸውም። «ይህን ያህል ተፈቅዶልዎታል» ሲባሉ የተነገረዎት ከፍተኛው ልክ ነው። እዚያ ድረስ መሄድ የለብዎትም።

ከመፈረምዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ወደፊት የሚከፍሉት ወርሃዊ ክፍያ አሁን ከሚከፍሉት ኪራይ ምን ያህል እንደሚበልጥ ያስሉ። ልዩነቱን ለስድስት ወር በየወሩ ሌላ ሒሳብ ውስጥ ያስገቡ፣ አይንኩት። ኑሮው ከቀጠለ ብድሩን ይችሉታል፤ የተጠራቀመውም ለቅድመ ክፍያ ይሆናል። በሦስተኛው ወር ከዚያ ሒሳብ መበደር ከጀመሩ መልሱን ያለ ዕዳ አገኙት ማለት ነው።

የብድሩን ዘመን ችላ ማለት

እዚህ ላይ ቁጥር ካልታየ ነገሩ አይገባም። 1,000,000 ተበደሩ እንበል፤ በየትኛውም ገንዘብ ያስቡት። ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ነው፣ አይለዋወጥም። በ30 ዓመት የሚከፍሉ ከሆነ ወርሃዊው ክፍያ 6,653 ገደማ ይመጣል። በ15 ዓመት ከሆነ 8,988 ገደማ። ሰው ይህን ሲያይ አነስተኛውን ይመርጣል። አሁን ጠቅላላውን እንየው። በ30 ዓመቱ ብድር ተከፍሎ የሚያልቀው 2,395,000 ያህል ነው። በ15 ዓመቱ 1,618,000 ያህል። ልዩነቱ 777,000 ነው፣ ሁሉም ወለድ።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ወለድ የሚሰላው ባልተከፈለው ዕዳ ላይ ነው። በ30 ዓመቱ ብድር የመጀመሪያ ወር ከሚከፍሉት 6,653 ውስጥ 5,833ቱ ወለድ ነው። ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 820 ብቻ ነው። አምስት ዓመት ከፍለው «ዕዳዬ ለምን አልጎደለም?» የሚሉ ሰዎች የሚደነግጡት በዚህ ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ሰው አጭሩን ይውሰድ ማለት አይደለም። ገቢው ከወር ወር ለሚለያይ ሰው ረጅሙ ዘመን እፎይታ አለው። እንዲህ ላለ ሰው የምመክረው ረጅሙን ወስዶ፣ በቻለበት ወር በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተጨማሪ እንዲከፍል ነው። ቀደም ብሎ የተከፈለ ገንዘብ የብዙ ዓመት ወለድ ይቆርጣል። ብቻ ውሉን ያንብቡ። አንዳንድ ውል ቀድሞ መክፈልን ያስቀጣል። ተጨማሪ የከፈሉት ደግሞ ከዋናው ዕዳ እንዲቀነስ በጽሑፍ ካልጠየቁ ለሚቀጥለው ወር እንደተከፈለ የሚቆጥሩ አበዳሪዎች አሉ።

ተለዋዋጭ ወለድን እንደ ቋሚ ማየት

ተለዋዋጭ ወለድ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ስለሚቀርብ ያጓጓል። ይህ ወለድ ግን ብዙ ጊዜ የማዕከላዊ ባንክን ወለድ ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የዚያን ታሪክ ማየት ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ መሠረታዊ ወለዱ በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከ0 እስከ 0.25 በመቶ ነበር። በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ደረሰ። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክም በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 0.1 በመቶ ተነስቶ በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. 5.25 በመቶ ገባ። ሁለቱም ሁለት ዓመት እንኳ አልፈጀባቸውም።

ከላይ ያየነው የ1,000,000 ብድር በ30 ዓመት ዘመኑ ወለዱ ከ7 ወደ 10 በመቶ ቢወጣ ወርሃዊ ክፍያው ከ6,653 ወደ 8,776 ገደማ ያድጋል። ተለዋዋጭ ወለድ ከመውሰድዎ በፊት ይህን ጭማሪ መቻል አለመቻልዎን ያረጋግጡ። ካልቻሉት ቋሚው ትንሽ ቢወደድም ሰላም ይሰጣል።

ያለዎትን ሁሉ ለቅድመ ክፍያ ማስረከብ

ቅድመ ክፍያ በበዛ ቁጥር ዕዳው ያንሳል፣ እውነት ነው። ግን እጅ ባዶ ሆኖ አዲስ ቤት መግባት አደገኛ ነው። ቤት ጥገና ይፈልጋል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት የግምት ልክ በዓመት የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ ለጥገና ማስቀመጥ ነው፤ ላረጀ ቤት ከዚህም በላይ ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪዎን የሚሸፍን መጠባበቂያ ይቅርዎት። ባለቀ ቁጠባ ላይ ሥራ ቢቋረጥ የሚቀረው መንገድ ውድ ብድር ነው።

ሰነዱንም ቤቱንም በሻጩ ቃል መቀበል

ሻጩ የሚያሳይዎት ኮፒ ማስረጃ አይሆንም። ንብረቱ የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደው ወይም ጠበቃ ልከው ሦስት ነገር ያጣሩ። ባለቤቱ ማን ነው? ቤቱ በብድር ተይዟል ወይም ታግዷል? ሌላ ድርሻ ያለው ሰው አለ? በተለይ የመጨረሻው ብዙ ጣጣ ያመጣል። የትዳር ጓደኛ ወይም ወራሽ ያልፈረመበት ሽያጭ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። ይህ ሳይጣራ ቀብድ አይክፈሉ። ሲከፍሉም ብድሩ ባይፈቀድ ወይም ሰነዱ ችግር ቢኖረው ቀብዱ እንደሚመለስ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ቤቱን ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ ይዩት። ቀን ያዩትን ማታ ይዩት፣ ከዝናብ በኋላም ይዩት። ቧንቧዎቹን አንድ ላይ ከፍተው የውኃውን ግፊት ይሞክሩ። አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አንዱ ጥግ ብቻ ከሆነ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ጣሪያ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የፍሳሽ ቧንቧ የሚያይ ባለሙያ ይክፈሉ። ለባለሙያው የሚከፈለው ከቤቱ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው፤ የሚያገኘው ጉድለትም ለድርድር ይረዳዎታል።

«ልዩነቱ ኪሴ ይገባል» ማለት

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልምጣ። ሰፊ ቤት ሸጦ አነስ ያለ መግዛት ለብዙ ሰው መልካም ውሳኔ ነው። ጽዳቱ ይቀላል፣ ጥገናው ይቀንሳል፣ በግድግዳ ውስጥ ታስሮ የነበረ ገንዘብ ይፈታል። በጣም የተለመደው ስህተት ግን ሁለቱን ዋጋዎች ቀንሶ ልዩነቱን እንደ ትርፍ መቁጠር ነው።

በመጀመሪያ፣ ግማሽ ስፋት ያለው ቤት በግማሽ ዋጋ አይገኝም። ብዙ ወጪ የሚበላው ወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ነው፤ አነስተኛውም ቤት ሁለቱም አሉት። አነስተኛ ቤት የሚፈልገውም ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያ ቤት ገዢዎችና የሚያከራዩ ባለሀብቶች እዚያው ገበያ ላይ ይጋፋሉ። ስለዚህ የአንድ ካሬ ሜትር ዋጋ በአነስተኛው ቤት ብዙ ጊዜ ይወደዳል።

ቀጥሎ የመዛወሪያው ወጪ አለ። ለምሳሌ ያህል ቤትዎን በ100 ሸጡ፣ አነስተኛውን በ70 ገዙ እንበል። ልዩነቱ 30 ነው። የደላላ ኮሚሽን፣ ግብርና የሽያጭ ወጪ 5 ቢወስድ፣ የመግዣው የስም ማዛወሪያና የጠበቃ ክፍያ 3፣ አሮጌውን ለሽያጭ ማሳመሪያና አዲሱን ማስተካከያ 5፣ ዕቃ ማጓጓዣና የማይገባውን ሶፋና ቁም ሣጥን መተኪያ 2 ቢሆን፣ የቀረዎት 15 ነው። ግማሹ ሄደ። በአሮጌው ቤት ላይ ያልተከፈለ ብድር ካለ እሱም ከዚሁ ይነሳል። የእርስዎ ቁጥሮች ከዚህ ይለያሉ፤ ግን እያንዳንዱን መስመር ወረቀት ላይ ሳይጽፉ «ይህን ያህል ይተርፈኛል» አይበሉ።

አዲሱ ቤት የጋራ ሕንፃ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ወርሃዊ መዋጮ አለው። ሊፍት፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ የጋራ ጣሪያ ማለት ነው። የመዋጮውን መጠን ብቻ ጠይቀው አይመለሱ። ማኅበሩ መጠባበቂያ ገንዘብ አለው ወይ? ባለፉት ዓመታት መዋጮው ስንት ጊዜ ጨመረ? በቅርቡ ትልቅ ጥገና ታስቧል? መጠባበቂያ የሌለው ማኅበር ሊፍቱ በተበላሸ ቀን ከእያንዳንዱ ነዋሪ በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ይሰበስባል። በጡረታ ለሚኖር ሰው ይህ ከባድ ዱላ ነው።

ለቤቱ ትዝታ ዋጋ መለጠፍ

ልጆች ያደጉበት ቤት ለባለቤቱ ከሌላው ሰው ይልቅ ውድ ነው። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ክኔትሽና ሪቻርድ ቴለር በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለተወሰኑ ሰዎች ኩባያ ሰጥተው በስንት እንደሚሸጡት ጠየቁ። ለሌሎቹ ደግሞ በስንት እንደሚገዙት። ባለኩባያዎቹ ገዢዎቹ ከሰጡት ዋጋ እጥፍና ከዚያ በላይ ጠየቁ። ኩባያው እጃቸው ከገባ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። ለሃያ ዓመት የኖሩበት ቤት ሲሆን ምን ያህል እንደሚብስ መገመት አያቅትም።

ጉዳቱ እውነተኛ ነው። በዝቶ የተጠየቀ ቤት ገበያ ላይ ይቆያል፤ የቆየ ቤት ደግሞ «ምን ጉድለት ቢኖረው ነው?» ያሰኛል። በአካባቢው በቅርቡ በትክክል የተሸጡ ቤቶችን ዋጋ ይመልከቱ። ባለቤቶች ጠይቀው ያልሸጡበትን ዋጋ ተዉት።

«ዋጋው እስኪወጣ ልጠብቅ» የሚሉም አሉ። ቤት ሁሌ ይጨምራል የሚለው እምነት ልክ አይደለም። በአሜሪካ ከ2006 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የቤት ዋጋ በአማካይ ከሩብ በላይ ወርዷል። በዚያ ላይ የሚሸጡትም የሚገዙትም እዚያው ገበያ ላይ ከሆነ መጠበቁ ያሰቡትን ያህል አይጠቅምም። በቀደመው ምሳሌ ሁሉም ዋጋ በ10 በመቶ ቢወርድ 100ው 90 ይሆናል፣ 70ው 63። ልዩነቱ ከ30 ወደ 27 ብቻ ነው የሚወርደው።

አሮጌው ሳይሸጥ አዲሱን መግዛት

አዲሱን ቤት ወደው ቸኩለው ይገዛሉ። አሮጌው ግን ወራት ይቆያል። በዚያ ጊዜ የሁለት ቤት ግብር፣ የሁለት ቤት ኢንሹራንስ፣ ምናልባትም አሮጌው እስኪሸጥ የሚወሰድ የመሸጋገሪያ ብድር ወለድ ይከፍላሉ። ገዢ ይህን ሲያውቅ ዋጋ ያስቀንስዎታል። ቀድሞ መሸጥ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ለጥቂት ወራት መከራየት ቢያስፈልግም። ሌላው መንገድ ከገዢዎ ጋር የመልቀቂያውን ቀን አርቆ መዋዋል ነው። ብዙ ገዢ ዋጋው ከተስማማው ሁለት ሦስት ወር ይታገሣል።

ለዛሬው ጉልበት ብቻ ቤት መምረጥ

በ60 ዓመትዎ የሚገዙት ቤት በ80 ዓመትዎም የሚኖሩበት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ባልታሰበ አደጋ ከሚደርስ ሞት መውደቅ ሁለተኛው ምክንያት ነው፤ በብዛት የሚሞቱትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው። ደረጃ ያለው ቆንጆ ቤት እዚህ ላይ ይታሰብ። መኝታና መታጠቢያ በአንድ ወለል ላይ ይሁኑ። በሩ ተሽከርካሪ ወንበር ያሳልፍ፣ ቢያንስ 80 ሴንቲሜትር ክፍት ይኑረው። መታጠቢያው ድጋፍ የሚታሰርበት ጠንካራ ግድግዳ ይኑረው። መኪና መንዳት ቢያቆሙ ሐኪም ቤትና ገበያ እንዴት እንደሚደርሱም ያስቡ።

ሰፈሩ አዲስ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት ተከራይተው ይኑሩበት። ከሚያውቋቸው ጎረቤቶች ርቆ የሚገኝ ርካሽ ቤት ብቸኝነትን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የተረፈውን ገንዘብ ያለ ዕቅድ መተው

ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ሁለት ነገር ይከሰታል። ወይ ለልጆች ይከፋፈላል፣ ወይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ልጆችን መርዳት ደግ ነገር ነው። መጀመሪያ ግን የራስዎን የቀሪ ዘመን ወጪ፣ ሕክምናን ጨምሮ፣ ያስሉና ከዚያ የተረፈውን ይስጡ። የተሰጠ ገንዘብ ሲቸግር ተመልሶ አይጠየቅም። የሚቀመጠው ደግሞ በዋጋ ንረት ይበላል። ዋጋ በዓመት 7 በመቶ የሚጨምር ከሆነ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ለመገመት 72ን ለ7 ያካፍሉ፤ 10 ዓመት ገደማ ይመጣል። በዚያ ጊዜ ዋጋ እጥፍ ይሆናል፣ ወለድ የሌለው ገንዘብም የመግዛት አቅሙ ግማሽ ይቀራል። ቢያንስ የንረቱን ያህል የሚመልስ ቦታ ይፈልጉለት።

መዛወርን ግዴታ ማድረግ

ሁሉም ሰው መልቀቅ የለበትም። ሰፊውን ቤት ከፍሎ አንዱን ክፍል ማከራየት፣ መኝታውን ወደ ታችኛው ወለል ማውረድ፣ መታጠቢያውን ማስተካከል አንዳንዴ ከመዛወር ይረክሳል። ሁለቱንም አማራጭ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው ለአሥር ዓመት ያህል በወር በወር ይጻፉት። ግብር፣ ጥገና፣ መዋጮ፣ መጓጓዣ፣ ኢንሹራንስ፣ ሁሉም ይግባ። ሁለቱ ድምሮች ከተቀራረቡ ልብዎ ያለበትን ይምረጡ። ከተራራቁ ደግሞ ወረቀቱን ለልጆችዎም ያሳዩዋቸው፤ ውሳኔው ለምን እንደተወሰነ ሲያዩ ክርክሩ ይቀላል።