ነሐሴ 16 እምቢ የሚለው ማሽን፦ የአዲስ ፔሌት ስሞከር ችግርና መፍትሄ ከጎንደር

ጎንደር ውስጥ ፔሌት ስሞከር፣ ማለትም ፔሌት የሚባል የተጨመቀ ሰጋቱራ እያነደደ ሥጋ በጭስ የሚያበስል ማሽን፣ ያለው ቤት ብዙ አይደለም። ያሉትም አብዛኞቹ ከውጭ በተመለሰ ዘመድ ዕቃ መሃል ተጭነው የገቡ ናቸው። ጥቂት ቢሆኑም እምቢ ሲሉ የሚደወለው ለእኔ ነው። እስካሁን ካየሁት ልንገራችሁ፤ "ተበላሸ" ከሚባሉት ውስጥ አብዛኞቹ አልተበላሹም። ፔሌታቸው ነው የረጠበው።

ሶኬቱ መሰካቱን፣ ሳጥኑ ውስጥ ፔሌት መኖሩን አይታችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። ይህን ሳያዩ የሚደውሉ አሉ። እነሱን ተዋቸው።

ለጀማሪ አሠራሩን በአጭሩ። ፔሌት ማለት የጠንካራ እንጨት ሰጋቱራ ነው፤ በኃይል ተጨምቆ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቁራጭ ሆኖ ይወጣል። ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከሳጥኑ ሥር ኦገር የሚባል ጠመዝማዛ ብረት እየዞረ ወደ እሳት ኩባያው ይገፋዋል። ለኳሽ ዘንግ ያቀጣጥለዋል፣ ፋን ያራግበዋል። ኮንትሮለሩ ሙቀቱን እያየ ኦገሩን ያዛል። እሳቱ የእንጨት ቢሆንም አለቃው መብራት ነው። ከሰል ምድጃ ላይ ያደገ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

ጨርሶ አይበራም

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የእኛ ሶኬት 220 ነው። በቀጥታ ከሰካችሁት ፊውዙ ተቃጥሎ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ቦርዱ ከሆነ አዲስ ማስመጣት ነው። ቮልት የሚቀንስ እውነተኛ ትራንስፎርመር ግዙ። ሲለኩስ እስከ 300 ዋት ስለሚስብ 500 ዋት የሚችል ይበቃል። ለጸጉር ማድረቂያ የሚሸጡትን ቀላል የጉዞ ኮንቨርተሮች ግን አታምጡብኝ። ኤሌክትሮኒክስ ይገድላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም የመብራቱን ድግግሞሽ፣ አይቀይርም። አሜሪካ 60 ነው፣ እኛ 50። የድሮዎቹ ማሽኖች የኦገር ሞተር በዚህ ምክንያት ከለመደው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ፔሌትም ያሳንሳል። ሙቀቱ ካዘዛችሁት ትንሽ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ ከፍ አድርጋችሁ እዘዙ።

ፋኑ ይሠራል፣ እሳት የለም

የመጀመሪያ ቀን ከሆነ ኦገሩ ባዶ ነው። ፔሌቱ ከሳጥኑ ተነስቶ ኩባያው እስኪደርስ ደቂቃዎች ይፈጃል። ታገሱ። ፔሌቱ ደርሶ ካልተቀጣጠለ ኩባያው አመድ ሞልቶት ይሆናል፤ ጥረጉት። አመዱም ከሌለ ለኳሹ ዘንግ ሞቷል ማለት ነው። እሱ የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ ይቀየራል። እንግዳ ከተጠራ ለዛሬ ያህል አንድ ጭብጥ ፔሌት ኩባያው ውስጥ አድርጋችሁ፣ ፍም ጣል አድርጋችሁ፣ ሲይዝ ማሽኑን አብሩት። ቤንዚንና ላምባ ግን በፍጹም! አንድ ጊዜ ሥጋው ላምባ ላምባ ብሎ ውሻ እንኳ አልቀመሰውም፤ ያም ማንም ሳይቃጠል ስለቀረ በጎ ነው።

ኦገሩ አይዞርም፣ ወይም እያቃሰተ ይቆማል

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ። ከሚደወልልኝ ብዙው ይህ ነው፣ ቀኑም የታወቀ ነው፦ ነሐሴ 16።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ጾም ከመያዙ በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይጠብሳል። የተረፈው ፔሌት ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ ነው፤ ማሽኑን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጎንደር ደግሞ ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሸራ ለብሶ በረንዳ ላይ ቢቆምም ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን እርጥብ አየር ይጠጣል። ፔሌት ውሃ እስኪፈስበት አይጠብቅም፤ አየሩ ይበቃዋል። ያብጣል፣ ይፈረፈራል፣ ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናል። ሳጥን ውስጥ ያለውስ ደህና፣ ማፈስ ይቻላል። ቱቦው ውስጥ፣ በኦገሩ ጥምዝ መሃል ያለው ግን መሄጃ የለውም። እዚያው ታምቆ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። የጾሙ ፍቺ ዕለት ፍርምባው ተቀምሞ አድሯል፣ ዘመድ ግቢ ገብቷል፣ ማሽኑ ይበራል። ፋኑ ይሽከረከራል። ኦገሩ አንዴ "እእእ" ይልና ዝም።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ማሽኑ ያን ጊዜ ከፍልሰታ በብዙ ይበልጥ ተዘግቶ ይቀመጣል። ለፋሲካ ግን እንዲህ አይደወልልኝም። ወቅቱ በጋ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው። ስለዚህ "ብዙ ስለቆመ ነው" የሚሉኝን አልሰማም። ብዙ መቆሙ አይደለም፣ ክረምቱ ነው።

ፔሌቱን እንዲህ ፈትሹት። አንዱን አንስታችሁ በሁለት ጣት ስበሩት። ደረቅ ከሆነ "ቀጭ" ብሎ ይሰበራል፣ ላዩም ያብለጨልጫል። ድምፅ ሳያሰማ ከተፈረፈረ ወይም ላዩ ደብዝዞ ከተሰነጣጠቀ አልቆለታል። ፀሐይ ላይ አስጥቼ አድነዋለሁ አትበሉ፤ አንዴ ያበጠ ፔሌት ተመልሶ አይጨመቅም። ለምድጃ ማቀጣጠያ አድርጉት።

ማላቀቂያው ይኸውላችሁ። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ኦገሩ ድንገት ቢዞር ጣት ይወስዳል። ሳጥኑን ባዶ አድርጉ፣ ዱቄቱንም ጥረጉ። ሥጋው የሚቀመጥበትን ሽቦ፣ የስብ መቀበያውን ትሪና ከሥሩ ያለውን ብረት አውጡ፤ ኩባያውን አጽዱ። ከዚያ በሞተሩ በኩል ያለውን መሸፈኛ ፍቱ። ሞተሩና ኦገሩ የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ አንድ ቀጭን ብሎን አለ፤ ያንን አውጡት። አሁን ኦገሩ ከሞተሩ ተለያይቷል። ጫፉን በትልቅ የቧንቧ መፍቻ ይዛችሁ ወደ ግራ ትንሽ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ፣ እንደገና ወደ ግራ። በኃይል አንድ አቅጣጫ ብቻ ከታገላችሁት ይበልጥ ይታመቃል። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቱቦው ውስጥ ደረቅ ነገር ሲሰነጠቅ ትሰማላችሁ፣ ኩባያው ውስጥ ቡናማ ዱቄት ጠብ ጠብ ይላል። ለቀቀ ማለት ነው። ወደ ኋላ ስባችሁ አውጡትና ቱቦውን በረጅም ብሩሽ ጥረጉት። ስትመልሱት ባዶውን አዙራችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ አዲስ ፔሌት ሙሉ።

ውሃ አታፍሱበት። ይህን ደጋግሜ የምለው በምክንያት ነው። አዘዞ አንድ አባት ጋ ሄጄ ሳጥኑን ስከፍት ውስጡ ያተናል።

"አባባ፣ ምን ነክቶት ነው?"

"ልጄ፣ ቢለቅልኝ ብዬ አንድ ጀበና ፍል ውሃ ብቻ ነው ያፈሰስኩበት።"

ያ አንድ ጀበና ቱቦው ውስጥ የነበረውን ደረቅ ፔሌት ሁሉ አሳበጠው። በካቻቪቴ እየፈለፈልኩ ማውጣት ነበረብኝ። ጀንበር ጠለቀች፣ ሥጋውም ድስት ውስጥ ገባ። ዘይትና ግራሶም አታስገቡ፤ እሱ እሳት ኩባያው ደርሶ ይነዳል።

ስለዚያች ቀጭን ብሎን ሌላ ነገር አለኝ። እሷ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገች ናት። ኦገሩ ሲታነቅ እሷ ተሰብራ ሞተሩን ታድናለች። ከተማችን ውስጥ አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ የተሰበረችውን ጥሎ በቦታዋ የብረት ሚስማር ቀጥቅጦ አስገባ። "አሁን ዕድሜ ልኩን አይሰበርም" አለ አሉ። እውነቱን ነው፣ ሚስማሩ አልተሰበረም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲታነቅ የሞተሩ ጥርስ ነው ሙልጭ ብሎ ያለቀው። የሳንቲም ዕቃ ለማዳን የውጭ ምንዛሪ ወጣ። በርካሽ የሚሸጡ ተተኪ ብሎኖችም አሉ፤ እነሱ ደግሞ ደረቅ ፔሌት ሲገፉ እንኳ ይቆረጣሉ። ትክክለኛውን መጠባበቂያ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ያዙ።

ሳጥኑ ውስጥ ከፔሌት በቀር ምንም አይግባ። የወይራ ፍልጥ ያስገባ አይቻለሁ፣ ከሰል የሰበረበትም አለ። አንድ ቤት ደግሞ ፔሌቱ ሲያልቅ የዶሮ መኖ ሞሉበት፤ መልኩ አንድ ዓይነት ነዋ! ሽታውን ለመግለጽ አልሞክርም።

መከላከያው ቀላል ነው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም፣ ጠብሳችሁ በጨረሳችሁ ቁጥር ሳጥኑን ባዶ አድርጉ፤ ቱቦው ውስጥ ያለውም ተቃጥሎ እስኪያልቅ ማሽኑን አስኪዱት። ፔሌቱን ክዳኑ ግጥም የሚል ፕላስቲክ በርሜል ውስጥ አስቀምጡ። በርሜሉ ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አይቀመጥ፣ እንጨት ይግባበት። ማዳበሪያ ውስጥ አስቀምጣችሁ ደግሞ አትደውሉልኝ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ሁለተኛው የደንበኞቼ ለቅሶ ነው። መብራት ሲጠፋ ኦገሩም ፋኑም ይቆማሉ። ኩባያው ውስጥ ግማሹ የነደደ፣ ግማሹ ያልነደደ ፔሌት አለ። መብራት ሲመለስ ራሱን የሚያስነሳ ማሽን ከሆነ በዚያ ላይ ሌላ ይቆልልበታል። ወፍራም ቢጫ ነጭ ጭስ ይጀምራል፤ ያ ጭስ ሳይነድ የተጠራቀመ ጋዝ ነው። ድንገት ሲይዝ ክዳኑን ያነሳዋል። ፊታችሁን አስጠግታችሁ አትክፈቱ።

ስለዚህ መብራት እንደጠፋ ንቀሉት። ደቂቃዎች ብቻ ከሆነ ክዳኑን ሳትከፍቱ ጠብቁ። ከቆየ ይቀዝቅዝ፣ ኩባያውን ባዶ አድርጉ፣ ከዚያ እንደ አዲስ አስነሱ። ሥጋውን ግን ለብ ብሎ እንዲውል አትተዉት፤ ወደ ከሰል ወይም ወደ ድስት አዙሩት። ጭሱ በጭስ ማውጫው ሳይሆን በፔሌት ሳጥኑ በኩል ከመጣ እሳቱ በቱቦው ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ንቀሉ፣ የሳጥኑን ክዳን ዝጉ፣ ከቤቱ ራቁ።

አንዴ ከተለኮሰ በኋላ 50 ዋት ገደማ ነው የሚፈልገው። ለዚህ አነስተኛ ኢንቨርተር ከባትሪ ጋር በቂ ነው።

ዝናብ ስለሆነ ወደ ውስጥ አስገባነው

አውጡት። አሁኑኑ። እንጨት እያነደደ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ማዕድ ቤትም፣ ጋራዥም፣ በሸራ የተዘጋ በረንዳም ያው ውስጥ ነው።

ሥጋው አልበስል ወይም ደርቆ ወጣ

ይህ የማሽኑ ጥፋት አይደለም፣ ግን ለእኔ ነው የሚደወለው። መጀመሪያ ስክሪኑ በፋራናይት ይሁን በሴልሺየስ እዩ። የፈረንጅ አዘገጃጀት 225 ሲል ፋራናይት ነው፤ ወደ 107 ሴልሺየስ። በሴልሺየስ 225 ያዘዘ ሰው ጎድኑን ከሰል አድርጎ አሳይቶኛል።

ሌላው ከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የፈረንጁ መመሪያ ደግሞ ፍርምባው ውስጡ 95 ዲግሪ ሲሞላ አውጡ ይላል። እዚህ ያንን ቁጥር መጠበቅ ሥጋው ውሃውን ጨርሶ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ከ88 ጀምሮ በሹል ነገር ውጉት፤ ሳይታገል ከገባ በስሏል። 65 እና 70 መሃል ላይ ሰዓታት ቆሞ አልንቀሳቀስ ቢል ደግሞ ተበላሽቶ አይደለም፤ ላቡ እየተነነ እያቀዘቀዘው ነው። ቀለም በሌለው ወረቀት ጠቅልላችሁ መልሱት። ጋዜጣ አይሆንም።

ሲያርስ የኖረ በሬ ፍርምባ ጮማ የለውም፤ ቅርጫ ስትገቡ ይህን አስቡ። ሻኛ ካገኛችሁ ግን ለዚህ ማሽን እንደሱ የሚሆን የለም።

ጭሱ አይሸትም

ፔሌት ንጹሕ ነው የሚነደው፣ ስለዚህ ከሰልና ወይራ የለመደ አፍንጫ "ኦቭን ነው እንዴ?" ይላል። መልሱ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ጭስ የሚበዛው ዝቅ ሲል ነው። ጋን የምናጥንበትን ደረቅ ወይራ ቀዳዳ ባለው የብረት ዕቃ አድርጋችሁ ከሥጋው ጎን ማስቀመጥም ይቻላል። ባሕር ዛፍና ቀለም የነካው ጣውላ አይሆንም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የመጀመሪያ ቀን የቀለም ሽታ፦ ያለ ሥጋ በ175 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ45 ደቂቃ አንድዱት። ሙቀቱ ዝም ብሎ ከፍ ዝቅ ሲል፦ የሙቀት ሴንሰሩ ጥላሸት ለብሷል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ትሪው ላይ እሳት ሲነሳ፦ ያልተጠረገ ጮማ ነው፤ ክዳኑን ዝጉ፣ ንቀሉ፣ ውሃ አታፍሱ። ፋኑ ሲንኳኳ፦ ሸረሪት ወይም ቅጠል።

ዕቃ ከውጭ ስታዝዙ የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ከጀርባው ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። "ጥቁሩ፣ ትልቁ" ተብሎ የታዘዘ ኦገር እስካሁን ሱቄ ጥግ ቆሟል፤ ለማንም ማሽን አልገጠመም።