በአንድ መነሻ ድምፅ ላይ የጊታር ኮርዶችን እንዴት መማር ይቻላል

ጅማ ውስጥ ጊታር ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዱ ሃያ ያህል ኮርዶችን (አብረው የሚሰሙ ድምፆችን ስብስቦች) ከስልኩ ሥዕሎች ሸምድዶ መጣ። ኤ ሜጀርና ኤ ማይነር በምን እንደሚለያዩ ስጠይቀው ግን «ጋሼ፣ በጣት አቀማመጥ ነዋ» ብሎ መለሰልኝ። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ዋናውን ነገር ስለሚዘለው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጀማሪዎችን የማስጀምረው ከአንድ መነሻ ድምፅ ሳይወጡ ኮርዱን በመለዋወጥ ነው።

መነሻው፣ ማለትም ኮርዱ የሚመሠረትበት ድምፅ፣ ኤ ይሁን። ክሮቹ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ሲቆጠሩ አምስተኛው ክር ሳይጫኑት ኤን ይሰጣል፤ ስድስተኛውን አይምቱት። አስቀድመው ጊታሩን በሚገባ ይቃኙ። በክረምት የከተማችን እርጥበት የብረት ክርን ቶሎ ስለሚያዝገው፣ ተጫውተው ሲጨርሱ ክሮቹን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ አይርሱ።

አሁን የመሃል ጣትዎን በአራተኛው ክር፣ የቀለበት ጣትዎን በሦስተኛው ክር ላይ፣ ሁለቱንም በ2ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት መሥመሮች በተከፈለው ሁለተኛ ቦታ) ያስቀምጡና አያንቀሳቅሷቸው። ትንሿን ጣት በሁለተኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ሲጨምሩ ኤ፣ ሲ ሻርፕና ኢ ተሰባስበው ኤ ሜጀርን ይሠራሉ። አንድ ፍሬት ግማሽ ድምፅ ስለሆነ፣ ሲ ሻርፕ ከመነሻው 4፣ ኢ ደግሞ 7 ግማሽ ድምፆች ይርቃሉ። ቀጥሎ ትንሿን ጣት አንሥተው በዚያው ክር 1ኛውን ፍሬት በአመልካች ጣት ይጫኑ፤ ሲ ሻርፕ ወደ ሲ ወርዶ ኤ ማይነር ይሰማል። የተለወጠው አንድ ድምፅ ብቻ ሆኖ ሳለ የኮርዱ ስሜት ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ትዝታን በሜጀርም በማይነርም የሰማ ጆሮ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በትዝታ ማይነር ግን ከመነሻው ሲቆጠር ሦስተኛ ከሆነው ድምፅ (እዚህ ሲ ሻርፕ) ሌላ ስድስተኛውም ድምፅ በግማሽ ይወርዳል።

ይኸው ሁለተኛ ክር ያለ ጣት ሲመታ ሰስ ቱ፣ በ3ኛው ፍሬት ሲጫኑት ደግሞ ሰስ ፎር ይወጣል። ሁለቱም ሦስተኛውን ድምፅ አስቀርተው፣ ሰስ ቱ በሁለተኛው፣ ሰስ ፎር በአራተኛው ድምፅ ስለሚተኩት ሜጀርም ማይነርም አይደሉም፤ ጆሮ ወደ አንዱ እንዲመለሱለት ይጠብቃል። አራቱንም በተከታታይ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ እየነኩ ደጋግመው ያዳምጡ። እኔ ለዚህ ብቻ አንድ ሳምንት እሰጣለሁ።

የሰባተኛ ኮርዶች፣ ማለትም ሰባተኛው ድምፅ የሚጨመርባቸው፣ ከዚህ በኋላ ይቀላሉ። ከሜጀሩ ላይ የቀለበት ጣትን ቢያነሡ ሦስተኛው ክር ጂን ሰጥቶ ኤ ሰቨን ይሆናል፤ ከማይነሩ ላይ ቢያነሡት ኤ ማይነር ሰቨን። በሜጀሩ ሦስተኛውን ክር በ1ኛው ፍሬት በአመልካች ጣት ቢጫኑት ደግሞ ጂ ሻርፕ ስለሚገባ ኤ ሜጀር ሰቨን ይገኛል።

ኤን በጆሮዎ ብቻ መለየት ሲችሉ ወደ ዲ ይሻገሩ። አራተኛውን ክር ሳይጫኑ፣ ሦስተኛውን በ2ኛው፣ ሁለተኛውን በ3ኛው ፍሬት ይዘው በመጀመሪያው ክር ላይ ከባዶ እስከ 3ኛው ፍሬት ሲወጡ፣ ሰስ ቱ፣ ማይነር፣ ሜጀርና ሰስ ፎር በዚያው ቅደም ተከተል ይመጣሉ።