በጀልባ ለቀናት ስትወጡ በስንቅ ላይ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጀመሪያ የከዳን እንጀራው ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የላስቲኩን ሳጥን ስከፍት የረጠበ ጨርቅ ሽታ ፊቴን መታኝ። ከላይ ያሉት ሁለቱ ደህና ይመስላሉ። ከሥር ያሉትን ገለጥ ሳደርግ ግን በእጥፋታቸው መስመር ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ አንዱ ከአንዱ ተጣብቆ ላላቅቀው ስል ይቀደዳል። ከጅማ 30 እንጀራ ይዘን ነበር የወጣነው። የቀሩት 18ቱ በዚያች ጠዋት ለዓሳ ተጣሉ። ስድስት ሰው ነን፤ ገና ሦስት ቀን ይቀረናል።

የወጣነው በኦሞ ወንዝ ላይ ወዳለው የጊቤ ሦስት ሐይቅ ነው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ከፍታው 243 ሜትር ነው፤ ከኋላው የተኛው ውሃ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ለጅማ ሰው በጭዳ አድርጎ ወደ ተርጫ መውረድ ነው። ሌሎቹ ጀልባውን፣ ድንኳኑንና መንጠቆውን ሲይዙ ስንቁ በእኔ ላይ ወደቀ፤ «አንተ ለገበያው ቅርብ ነህ» ተብዬ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሰናል። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው።

የጅማን አየር ይዞ ቆላ መውረድ

የእንጀራው ጥፋት የእንጀራው አይደለም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ላይ ናት፤ ሐይቁ ሞልቶ እንኳ 900 ሜትር አይደርስም። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ሸለቆው ነፋስ አይገባውም፣ የጀልባው ወለል እርጥብ ነው፣ ሳጥኑ ደግሞ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ቤት ውስጥ አራት ቀን የሚቆይልህ እንጀራ እዚያ ሁለት ቀን ካደረ ዕድለኛ ነህ። ቤት ሆነን ስንሰንቅ ሁላችንም የምንገምተው በቤታችን አየር ነው፤ እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው።

አሁን ትኩስ እንጀራ የምይዘው ለሁለት ቀን ብቻ ነው። የቀረው ድርቆሽ ነው። ድርቆሹን ራሳችሁ አድርቁት፤ ስትሰብሩት ቀጭ ካላለ አልደረቀም፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ልስላሴ ከቀረው እሱው ሌላውን ያሻግተዋል። ከድርቆሹ ጎን ቆጮ ይኑር። ቆጮ ሲቆይ የማይበሳጭ ምግብ ነው፤ ዳር ላይ በምጣድ ቂጣ አድርጋችሁ ከሚጥሚጣ ጋር ብትበሉት ሌላ አያምራችሁም።

ቅቤ ከሆነ ንጥር ቅቤ ብቻ። ሲነጠር ውሃውና የወተቱ ዝቃጭ ስለሚወጣለት ሙቀቱን ይችላል፤ ለጋ ቅቤ ግን በሁለተኛው ቀን መሽተት ይጀምራል። ጭኮም እንደዚሁ ጓደኛ ነው፤ የተቆላ ገብስ ዱቄትና ንጥር ቅቤ ነውና። ብቻ በወረቀት ጠቅልላችሁ አትያዙት፤ ቅቤው ይቀልጥና ቦርሳውን ሁሉ ያረጥበዋል። ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ ጣሳ ይሁን።

እናቶቻችን በፍቅር «ይኼን ያዙ» ብለው የሚሰጡት የተሠራ ወጥ ደግሞ ሌላው ፈተና ነው። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ የበሰለ ምግብ ከ1 ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቆይ ነው የሚመከረው። ስለዚህ የእናት ወጥ የመጀመሪያው ቀን ምሳ ነው፤ ከተቻለ መንገድ ላይ ይበላ። ለቀሪው ምጥን ሽሮ ይበቃል። ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ አንድ የቡና ስኒ ሽሮ ብላችሁ አስሉ።

ውሃን በዓይን መገመት

ይኼኛው ከእንጀራው ይብሳል። «ውሃ ላይ ነው የምንሄደው፣ የውሃ ነገር ምን ያሳስባል?» ያለው ጓደኛችን እስከ ዛሬ ይሾፍበታል። ስሌቱ ቀላል ነው። ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥ 3 ሊትር፣ ለማብሰያ 1 ሊትር። ስድስት ሰው ለአምስት ቀን 120 ሊትር፣ ማለትም 120 ኪሎ ይፈልጋል። ሁለት ሰው ተጨማሪ አሳፈራችሁ ማለት ነው። ትንሽ ጀልባ ይህን ከነዳጁና ከድንኳኑ ጋር ችሎ አይሄድም።

ቡናን ደግሞ ማንም አያስበውም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለስድስት ሰው ሲቀዳ ስኒ ውስጥ የሚገባው ብቻ 1 ሊትር ተኩል ይጠጋል። ጀበና ውስጥ የሚቀረውንና ስኒ ማለቅለቂያውን ስትጨምሩበት 3 ሊትር ያልቃል። በቀን ሁለት ጊዜ ከተፈላ 6 ሊትር ነው። ቡና ይቅር የምል አይደለሁም፤ የጅማ ሰው ሆኜ ይህን ብጽፍ ቤቴ አያስገቡኝም። ግን ስኒው በሐይቅ ውሃ ይለቅለቅና የፈላ ውሃ ይፍሰስበት። ቡናው ቤት ተቆልቶ ይምጣ፣ ዳር ላይ ይወቀጥ። ቤንዚን በተጫነበት ጀልባ ላይ ከሰል አያይዞ ቡና ልቁላ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከጀልባው አውርዱት።

እኛ አሁን 60 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይዘን እንነሳለን፤ ሌላውን ከሐይቁ ቀድተን እናክመዋለን። ድፍርሱ በባልዲ ያድራል፣ ዝቃጩ ከሥር ይቀራል፣ ከላይ ያለው በነጠላ ይጠለላል። ከዚያ ወይ ይፈላል፣ ወይ ውሃ አጋር ይገባበታል። ሲፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ውሃ አጋር ከሆነ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ውሃውን የምንቀዳው ከዳር ሳይሆን ከጀልባው ላይ፣ ከጥልቁ ነው። ዳሩ ከብት የጠጣበትና ሰው የታጠበበት ነው፤ በኦሞ ውሃ ደግሞ አዞ አለ። ምሽት ላይ ዳር ቁጢጥ ብሎ ድስት ማጠብ የሚባል ነገር የለም፤ በባልዲ ቀድቶ ራቅ ብሎ ነው።

ስለ ጀሪካን አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን የተማርነው በምላሳችን ስለሆነ። ሁላችንም ቤት ያለው ያው ቢጫ ጀሪካን ነው። ቤንዚኑም በቢጫ፣ ውሃውም በቢጫ። በሁለተኛው ጉዟችን አንዱን ጀሪካን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥበን ውሃ ሞላንበት። ሲቀዳ ምንም አይታይበትም። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ቤንዚን ነው፤ ሻይ ብታፈሉበት ሻዩ፣ ሽሮ ብትሠሩበት ሽሮው ያው ቤንዚን ይላል። ላስቲክ አንድ ጊዜ የጠጣውን ነዳጅ በሳሙና አይለቅም። 20 ሊትር ውሃ ለእግር መታጠቢያ ሆነ። ለውሃው አዲስ ጀሪካን ግዙ፤ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት፤ በጨለማ የሚነሳ ሰው በእጁ ዳብሶ እንዲለየው። ቤንዚኑ ከኋላ ሞተሩ ጋ፣ ምግብና ውሃው ከፊትና ከመሐል።

የተቅማጥ ነገር ስለማይታወቅ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከፋርማሲ ይዛችሁ ሂዱ። ካለቀባችሁ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ሆኖ። ከዚህ አታብዙ፣ በተለይ ጨውን።

የማን ሥጋ እንደሆነ አለመጠየቅ

ጅማ ላደገ ሰው ይህን መንገር ያሳፍራል፤ ቢሆንም አጥፍቻለሁ። ስድስታችን ሦስት ሙስሊም ሦስት ክርስቲያን ነን። አብረን አድገናል፣ ጎረቤት ነን፤ በየቤቱ ግን ድስቱ የየራሱ ነው። እኔ ሆዬ ከቤቴ ሁለት ኪሎ ቋንጣ አምጥቼ በአንዱ ድስት ቋንጣ ፍርፍር ሠራሁ። አንዱ «ጠግቤያለሁ» አለ፣ ሌላው ቆሎ ያዘ፣ ሦስተኛው ሙዝ ልጦ ወደ ውሃው ዞረ። ማንም ቃል አልተነፈሰም። የገባኝ በአራተኛው ቀን ነው፤ ድስቱ አንድ መሆኑን ሳስብ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሽሮ ሁሉ በዚያው ድስት ነበር። ሦስቱ ሰዎች ሦስት ቀን በቆሎና በሙዝ ከረሙ።

አሁን የጋራው ድስት የጾም ነው። ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን በዘይት። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾመውም ይሆናል፣ ለሁሉም ይሆናል። ሥጋ የፈለገ የራሱን ቋንጣ በራሱ መጥበሻ። ጭኮ ቅቤ ስላለበት ለጾም ቀን በሶ በስኳር ይበጠበጣል። ጉዞው ረመዳን ላይ ከዋለ ደግሞ ቀኑን ቀይሩት፤ ጾመኛ ፊት በዚያ ሙቀት ውሃ መጎንጨት ለማንም አይመችም።

«ዓሳ አለ፣ ገበያ አለ» ብሎ መተማመን

ዓሳው አለ። ቆሮሶም አምባዛም ሊገኝ ይችላል፤ ግን በሰዓቱ አይመጣም። በመጀመሪያው ጉዟችን ሁለት ቀን ሙሉ መንጠቆ ወርውረን ያገኘነው ፀሐይ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ ሦስት ቆሮሶ ያዝን፤ ለስድስት ሰው። ዓሳ ከተገኘ ጉርሻ ነው፤ በቁጥር ውስጥ አታስገቡት። የተያዘውም በዚያው ሰዓት ይጠበስ፣ ለነገ አይደር።

ገበያው ደግሞ ከላይ ነው። ሸለቆው ገደል ነው፣ ሙቀቱና ወባው ሰውን ወደ ደጋው አስጠግቶታል። ውሃው በበጋ ሲሸሽ ዳሩ ላይ ጭቃና የደረቀ ዛፍ ይቀራል። ሁለቱ ጓደኞቻችን ሽንኩርት ፍለጋ ሽቅብ ወጥተው ሲመለሱ ስድስት ሰዓት ፈጅቶባቸዋል፤ ያመጡት ሽንኩርት ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ የጠጡት ውሃ ግን አምስት ሊትር ነው።

አትክልቱን ሁሉ ዛሬ እንደሚበላ አድርጎ መግዛት

ሐሙስ ገበያ ወጥታችሁ ቀዩን ቲማቲም ብቻ መርጣችሁ ከሞላችሁ፣ በሦስተኛው ቀን ፈሳሽ ነው የምታገኙት። አንድ እጁ የበሰለ፣ አንድ እጁ ቀላ ያለ፣ አንድ እጁ አረንጓዴ ይሁን። ሙዝና አቮካዶም እንደዚሁ። አቮካዶ ሻጯን «የነገ፣ የተነገ ወዲያ፣ የዓርብ» ብትሏት በአውራ ጣቷ ነካ ነካ እያደረገች ለይታ ትሰጣችኋለች፤ ከእኔ ይልቅ እሷን እመኑ። ሽንኩርቱ በፌስታል ታንቆ አይሂድ፣ በመረብ ከረጢት ይንጠልጠል፤ ከድንችም ይለይ።

እንቁላል የአበሻ ከሆነ ሳታጥቡት ፍሩሽካ ውስጥ ቅበሩት፤ ሲታጠብ መከላከያው ይነሳና ቶሎ ይበላሻል። ከመስበራችሁ በፊት ውሃ ውስጥ ጣል አድርጉት። ከሥር ተኝቶ ከቀረ ደህና ነው፣ ከተንሳፈፈ ወደ ሐይቁ።

ሁሉን በአንድ ማዳበሪያ መክተት

ጨው ስትፈልጉ ከሥር ነው። ስታወጡት ዝናብ ይመጣል፣ ሽሮው ይረጥባል። ለየቀኑ አንድ ከረጢት፣ የቀኑ ስም በማርከር ተጽፎበት። ለዱቄት ነገር ሁሉ ደግሞ ከሃይላንድ የተሻለ ዕቃ አላየሁም። ባዶውን ሃይላንድ አጥባችሁ ሁለት ቀን አድርቁት፤ ሽሮውን፣ ስኳሩን፣ ጨውን፣ በርበሬውን በማጥለያ ጨምሩና ክዳኑን አጥብቁ። ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ ይንሳፈፋል። አንድ ሰፊ አፍ ያለው ሃይላንድ ደግሞ ክብሪትና ላይተሩን ይያዝ። የቀለም ባልዲ ግን ለምግብ አይሁን፣ ምንም ያህል ቢታጠብ።

ስለ ጫት ከጠየቃችሁኝ፣ አልከለክልም፤ አፍ እንደሚያደርቅና የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋ ግን ቃሚው ያውቃል። የቃመ ሰው ድርሻውን ውሃ ከሰዓት በፊት ጨርሶ የሌላውን ጀሪካን ሲያይ እኔ ዝም አልልም። የጠርሙስ ቢራም ይቅር፤ ሲሰበር ባዶ እግር ላይ ነው።

ትርፍ ቀን አለመያዝ

በሦስተኛው ጉዟችን፣ በአምስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ዝም አለ። መሻሻል የለም፤ በመቅዘፊያ ዳር ይዘን አደርን። የዚያን ጊዜ ከጀልባው አፍንጫ ሥር ታስሮ የቆየ፣ ማንም እንዳይነካው የተማማልንበት ከረጢት ነበረን፦ ሁለት ኪሎ በሶ፣ አንድ ኪሎ ስኳር፣ ቆሎ፣ አንድ ሃይላንድ ጨው፤ ከጎኑ ያልተከፈተ 20 ሊትር ውሃ። በጨለማ በሶውን በጥብጠን በየተራ በአንዱ ጣሳ ጠጣን። የጀልባው ነጂ፣ የዳውሮ ሰው ነው፣ አንዴ ተጎነጨና ጣሳውን ወደ እኔ መለሰው፤ «ጨው አነሰው» አለኝ።