ርካሹ ስናይፐር ለምን ይስታል? የኤርሶፍት ጠመንጃ ችግርና መፍትሄ

የመጀመሪያውን የኤርሶፍት ስናይፐሬን የገዛሁት በ120 ዶላር ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «500» የሚል ቁጥር ተጽፎ ነበር፤ ጥይቱ በሰከንድ 500 ጫማ ይሄዳል ለማለት ነው። እኔም ጠመንጃውን ሳይሆን ቁጥሩን ገዛሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ጫካ ላይ በተከለለ ሜዳ፣ 50 ሜትር ርቆ በቆመ የዘይት በርሜል ላይ አሥር ጊዜ ተኮስኩ። ሁለቱ አገኙት። የቀሩት አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱም ሽቅብ ተነሥቶ ቅርንጫፍ ውስጥ ገባ። አጠገቤ የተጋደመው ወጣት ግን ጉልበቱ የእኔን ግማሽ በማይሞላ የጃፓን ጠመንጃ ያንኑ በርሜል ደጋግሞ ያንቋቋዋል።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ርካሽ ጠመንጃዎች ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስፈታና ስገጥም ኖሬአለሁ። የጠመንጃው መሳት ምክንያት ጉልበት ማነስ ሆኖ ያገኘሁት ከስንት አንዴ ነው። ሁልጊዜም ማለት ይቻላል ጥፋቱ ያለው አንዲት የጣት ጥፍር የምታህል ጎሚኒ ላይ፣ አየር በሚያሾልክ ቀዳዳ ላይ ወይም በጥይቱ ክብደት ላይ ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ ኤርሶፍት 6 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ጥይት በአየር ግፊት በሚተፋ ጠመንጃ በቡድን የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ ተጀምሮ ነው ወደ ሌላው ዓለም የተዛመተው።

ከመግዛት በፊት፦ ዘሩን ምረጡ

ርካሽ ጠመንጃ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። መጠየቅ ያለበት ሲበላሽ ዕቃ ይገኝለታል ወይ የሚለው ነው። አገር ቤት መኪና የሚገዛ ሰው ቶዮታ ቶዮታ የሚለው ሶማሌ ተራ ወርዶ መለዋወጫ እንደማያጣ ስለሚያውቅ ነው። በኤርሶፍት ስናይፐር ዓለም ቶዮታው ቪኤስአር-10 ይባላል። የጃፓኑ ቶኪዮ ማሩይ የሠራው ሲሆን፣ የቻይና ፋብሪካዎች ደግሞ በርካሹ ቀድተውታል፦ ጄጂ ባር-10፣ ሲማ ሲኤም 701፣ ዌል ኤምቢ03። አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ዶላር አካባቢ ይገኛሉ። ጎሚኒው፣ የውስጥ ቱቦው፣ ፒስተኑ፣ ምላጩ ሁሉ ከብዙ አምራቾች ለብቻ ይሸጥላቸዋል። በእኔ እጅ ያለፈውና ከዋናው መለዋወጫ ጋር ያለ ብዙ ጭቅጭቅ የተግባባው ባር-10 ነው። ሌሎቹ ላይ ግን አልፎ አልፎ ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋል።

ዌል ኤምቢ01 የተባለው፣ የእንግሊዙን ኤል96 መልክ የያዘው፣ ዓይን ይስባል። እኔም አንድ ጊዜ በመልኩ ተሸንፌአለሁ። ሰደፉ ምቹ ነው፤ መለዋወጫው ግን እንደ ቪኤስአር ቤተሰብ አይትረፈረፍም። በጋዝ የሚሠሩትን ደግሞ ለጀማሪ አልመክርም። በቨርጂኒያ ጥር ጋዙ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርድና፣ ጠዋት ያስተካከላችሁት ማነጣጠሪያ ቀትር ላይ ሌላ ቦታ ይመታል። በሞላ የሚሠራው ለብርድ ብዙም አይጨነቅም።

የጃፓኑ ደካማ ጠመንጃ የእኔን ለምን እንዳሸነፈው የገባኝ ዘግይቶ ነው። የጃፓን ሕግ ከ1 ጁል ትንሽ ከሚያንስ ጉልበት በላይ አይፈቅድም፤ 0.98 ጁል ነው ጣሪያው (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው)። ስለዚህ የጃፓን መሐንዲስ ጉልበት መጨመር ስለማይችል ልፋቱን ሁሉ ጥይቱን በሚያሽከረክረው ጎሚኒ ላይ አዋለው። የርካሹ ቅጂ ሠሪ ደግሞ ጠንካራ ሞላ ከተተና ሳጥኑ ላይ 500 ብሎ ጻፈ።

ጥይቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ

ይህ በርካሽ ጠመንጃ ላይ ከሁሉ የበዛው ችግር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ጥይቱ ወደ ውስጥ ቱቦው ሲገባ ከላይ በኩል አንድ የጎሚኒ ጉብታ ጀርባውን ይነካዋል። ሲያልፍ ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ ሽክርክሪቱም አየር ላይ ደግፎ ያቆየዋል። ይህ ሆፕ-አፕ ይባላል። ጉብታው በትክክል መሐል ላይ ካልተቀመጠ ሽክርክሪቱ ያጋድላል፤ ጥይቱም ወደዚያው ይጠመዘዛል። ኳስን በእግር ጎን መትቶ ማጠፍ እንደማለት ነው።

ምክንያቱን ለመለየት ሆፕ-አፑን ፈጽሞ አጥፉና በ15 ሜትር ተኩሱ። ጥይቱ ቶሎ ይወርዳል፤ ግን ቀጥ ብሎ ከወረደ ጥፋተኛው ጎሚኒው ነው። አሁንም ወደ ጎን ከሄደ የውስጥ ቱቦው ቆሽሿል፣ ተጣሟል፣ ወይም በውጭኛው ቱቦ ውስጥ እየተወዛወዘ ነው።

ጎሚኒው ከሆነ፣ የውስጥ ቱቦውን ከነሆፕ-አፑ አውጡና በመስኮት ብርሃን ላይ እንደ መነጽር አድርጋችሁ ተመልከቱት። ማስተካከያውን ቀስ እያላችሁ ስታጠብቁ ከላይ ጥቁር ጨረቃ የመሰለ ጥላ ይወርዳል። የእኔ ጨረቃ ወደ ግራ ያጋደለ ነበር። ጎሚኒውን ሳወጣው ጫፉ ላይ ከፋብሪካው ሲቆረጥ የቀረ ቀጭን ክር አገኘሁ፤ የሁለት ወር ንዴቴ ምንጭ ያ ክር ነበር።

ክሩን በጢም መላጫ ምላጭ አንሥቶ፣ ጎሚኒውን ቱቦው ላይ ካለው ቦይ ጋር አስተካክሎ መመለስ አንዳንዴ ይበቃል። ጎሚኒውን መለወጥ ግን ይሻላል። ከ15 እስከ 20 ዶላር ያወጣል፤ ርካሽ ጠመንጃ ላይ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ ይህን ያህል የሚክስ የለም። የታይዋኑ ሜፕል ሊፍ ጎሚኒዎቹን በጥንካሬያቸው ቁጥር ይሸጣል። ከ1 ጁል ለማይዘል ጠመንጃ 50፣ ወደ 2 ጁል ለሚጠጋ 60 ወይም 70 አስገባለሁ። ስትገጥሙ ጎሚኒውን ግራሶ እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ የሚንሸራተት ጎሚኒ ጥይት አያሽከረክርም። አዲስ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ዘይት ቱቦው ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ፣ ምንም ከመፍታታችሁ በፊት አልኮል በነካው ጨርቅ ቱቦውን ማጽዳት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

የቱቦው መወዛወዝ ከሆነ መድኃኒቱ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይገኛል። የውስጥ ቱቦውን ሁለት ሦስት ቦታ ላይ በናስትሮ ጠቅልሉና በውጭኛው ውስጥ ጥብቅ ብሎ እንዲገባ አድርጉ።

ጥይቱ ሽቅብ ሲወጣ፣ ወይም ንፋስ ሲጫወትበት

የጥይቱ ክብደት አንሷል። ከጠመንጃው ጋር በነጻ በሚመጣው ከረጢት ውስጥ ያለው ጥይት አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ 0.20 ግራም ነው፤ ለልጅ ስጡት። 2.3 ጁል የሚወረውር ጠመንጃ 0.20 ግራሙን በሰከንድ 152 ሜትር ይለቀዋል፤ 0.40 ግራሙን ግን በ107 ሜትር። ቁጥሩን ያየ ቀላሉን ይመርጣል። ነገር ግን ቀላሉ ፍጥነቱን አየር ላይ ቶሎ ይጥላል፣ ሽክርክሪቱ ከሚገባው በላይ ያነሣዋል፣ ትንሽ ንፋስም ያንሳፍፈዋል። ከባዱ ዝግ ብሎ ወጥቶ መንገዱን ይጠብቃል። ወደ 2 ጁል ለሚጠጋ ጠመንጃ ከ0.36 ጀምሩ፤ ጎሚኒው ሲለወጥ 0.40 ወይም 0.43 ሞክሩ። የፋብሪካው ጎሚኒ 0.40 ግራምን አንሥቶ መያዝ የሚያቅተው ጊዜ ብዙ ነው፤ ያኔ ጥይቱ ሆፕ-አፑ እስከ መጨረሻው ጠብቆም መሬት ይልሳል።

ጥይት ላይ አትቆጥቡ። ጥሩው 5.95 ሚሊሜትር ሆኖ ልሙጥ ነው። ርካሹን በሁለት ጣት ስታንከባልሉት የመገጣጠሚያው መስመር ይታወቃችኋል። በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥይት ከተቀረቀረ ያን ቀን ጨዋታ የለም።

አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ሲል

አየር እየሾለከ ነው። ጎን ለጎን ቀጥ ያለ፣ ከላይ ወደ ታች ግን የተበተነ ምት ካያችሁ እያንዳንዱ ጥይት የሚወጣበት ፍጥነት ይለያያል ማለት ነው። ብዙ ሜዳዎች በር ላይ የፍጥነት መለኪያ ስላላቸው አሥር ጊዜ ተኩሳችሁ ቁጥሩን ጻፉ። በትልቁና በትንሹ መካከል ከ10 ጫማ በላይ ልዩነት ካለ እኔ ጠመንጃውን እፈታዋለሁ።

ፍተሻው ገንዘብ አይጠይቅም። አየሩ የሚታመቅበትን ሲሊንደር አውጡ፤ ሞላውን ለዩት፤ ፒስተኑን ብቻ መልሱ። የፊቱን ቀዳዳ በአውራ ጣት ደፍናችሁ ፒስተኑን በእጅ ግፉት። ጤነኛው ትራስ እንደመግፋት ወደ ኋላ ይመልሳችኋል። ያለ ትግል ከሰመጠ የፒስተኑ የጎማ ቀለበት (ኦሪንጉ) ደርቋል ወይም ጠቧል። ሲሊኮን ግራሶ በስሱ ቀቡት፤ የመኪና ግራሶ ግን ኦሪንጉን ሊያሳብጠውና ሊበላው ስለሚችል አታስጠጉት። ከፊት በኩል ካሾለከ የሲሊንደሩን ጭንቅላት ፍቱና ጥርሱ ላይ የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበትን ቴፍሎን አንድ ሁለት ዙር ጠቅልሉ። ያው ቴፍሎን ጎሚኒው በቱቦው ላይ በሚቀመጥበት ቦታም ይሠራል።

ጉልበት አነሰው ብላችሁ ስታስቡ

ከላይ ያለውን ፍተሻ አድርጉ። አዲስ ሞላ የሚገዛው ሲሊንደሩ አየር መያዙ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ በሚያፈስ እንስራ ላይ ውሃ መጨመር ምን ይረባል?

ቃታው አልይዝ ሲል፣ ወይም ስትቀባብሉት ራሱ ሲተኩስ

ይህ ከላይኛው ስሕተት የሚወለድ ነው። የቪኤስአር የመጀመሪያ ምላጭ ፒስተኑን የሚይዘው 45 ዲግሪ ባጋደለ ጥርስ ነው፤ የተሠራውም ለጃፓኑ 1 ጁል ነው። ጠንካራ ሞላ ሲገባበት ጥርሱን ገፍቶ ገፍቶ ያሞልጨዋል። መጀመሪያ መቀባበያው ይከብዳል፣ ቀጥሎ አንዳንዴ አይዝም፣ በመጨረሻ እጃችሁ ሳይነካው ይተኩሳል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ጠመንጃ ሜዳ አይገባም።

መፍትሄው ሁለት ነው። ወይ ሞላውን ወደ ቀድሞው መልሶ የብረት ጥርስ መግጠም፣ ወይም ፒስተኑን ቀጥ ብሎ የሚይዝ 90 ዲግሪ ምላጭ መግዛት። ሁለተኛው የራሱን ፒስተን ስለሚፈልግ ዋጋው አንዳንዴ ከጠመንጃው ይበልጣል። እኔ የመጀመሪያውን መርጬ አልተጸጸትኩም።

ሁለት ጥይት ሲጎርስ፣ ወይም ጥይቱ ከአፈሙዙ ተንከባሎ ሲወድቅ

ጎሚኒው አልቋል ወይም ሆፕ-አፑ ጠፍቷል። ጭራሽ ካልጎረሰ የካዝናው ሞላ ደክሟል፤ ሌላ ካዝና ሞክሩ።

የማነጣጠሪያ መነጽሩ ቦታውን ሲለቅ

ብሎኖቹን አጥብቁ። መነጽሩን ማስተካከል ያለባችሁ ሆፕ-አፑ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ተገላቢጦሹን የሚያደርግ ሰው ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ሲያዞር ይውላል።

ጠመንጃው ደኅና ሆኖ ሜዳው ሲከለክላችሁ

የአሜሪካ ሜዳዎች የየራሳቸው ጣሪያ አላቸው፤ ለስናይፐር በ0.20 ግራም ሲለካ 500 ጫማ አካባቢ የሚሉ ብዙ ናቸው። በእንግሊዝ በፈረንጆቹ 2017 የወጣው ሕግ ነጠላ ለሚተኩስ 2.5 ጁል ይፈቅዳል። ስናይፐር የያዘ ሰው ከ30 ሜትር ባነሰ ርቀት እንዳይተኩስ የሚከለክል ደንብም የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ የጎን ሽጉጥ ያስፈልጋችኋል። የፊት መከላከያ መነጽር የሌለው ሰው በሩን አያልፍም።

ከሜዳው ውጭ ግን ሌላ ጉዳይ አለ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ኤርሶፍት አፈሙዙ ብርቱካናማ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በፈረንጆቹ ኅዳር 2014 ክሊቭላንድ ውስጥ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ሲጫወት ፖሊስ ተኩሶ ገደለው፤ ሽጉጡ ላይ ያ ብርቱካናማ ጫፍ አልነበረም። እኔ ጠመንጃዬን ከቤት የማወጣው በተዘጋ ቦርሳ ነው፤ ከመኪናው ኮፈን የሚወጣውም ሜዳው ግቢ ውስጥ ብቻ ነው። ጓሮ ውስጥ ልሞክረው የሚል ልጅ ካላችሁ ጎረቤት በሚያየው ቦታ አትፍቀዱለት።

ትናንት ደኅና የነበረው ዛሬ ሲስት

ምንም አትፍቱ። ጨርቅ በዘንጉ ላይ ጠቅልላችሁ ቱቦውን አጽዱ። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ንጹሕ እስኪሆን ድገሙት፤ ከዚያ አሥር ጥይት ተኩሳችሁ እዩ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጓደኛዬ ጠመንጃው ሞተ ብሎ አመጣልኝ። ሦስተኛው ጨርቅ ላይ አንድ የሣር ዘር ወጣ። አንድ ዶላር ሳያወጣ በርሜሉን ሲያንቋቋው ዋለ።