የሆድ ድርቀትና ድባቴ አብረው ሲመጡ ከየት ይጀመራል?

በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች የሚጸዳዳ፣ ሰገራው የሚደርቅበትና ብዙ የሚያምጥ ሰው፣ ሁኔታው ለወራት ከዘለቀ ሥር የሰደደ የሆድ ድርቀት አለበት ይባላል። ጭንቀት ወይም ድባቴም ካለበት፣ ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ አስቀድሞ ማጣራት ይጠቅመዋል፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚለያየው በዚህ ነው።

አንጀት የራሱ የነርቭ መረብ አለው፤ ቬገስ በተባለው ነርቭም ከአንጎል ጋር መልእክት ይለዋወጣል። ከስሜት ጋር ስሙ ከሚነሳው ሴሮቶኒን ከተባለው የሰውነታችን ኬሚካል 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው በአንጀት ውስጥ ነው፤ ይህ ግን የአንጀትን እንቅስቃሴ ይመራል እንጂ ወደ አንጎል አይሻገርም። ስለዚህ አንጀት ሲታጠብ ድባቴ ይለቃል እያሉ መድኃኒት የሚሸጡትን ባያምኑ ይሻላል።

ለ2 ሳምንት ያህል የተጸዳዱበትን ቀን፣ የሰገራውን ድርቀት፣ የዕለቱን ስሜትና እንቅልፍ በአንድ ደብተር ይመዝግቡ። ከሁሉም በላይ የሚወስዱትን መድኃኒትና የጀመሩበትን ጊዜ ይጻፉ። ለድባቴ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ራሱ ሆድ ያደርቃል፤ ትራማዶልና ኮዴይን የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች እንዲሁም የብረት እንክብል ያደርቃሉ። ድርቀቱ መድኃኒቱን ተከትሎ ከመጣ፣ በራስዎ ሳያቋርጡ ሐኪሙ እንዲለውጥልዎ ወይም መጠኑን እንዲያስተካክል ይጠይቁ። የታይሮይድ ዕጢ መዳከም ድርቀትንም ድባቴንም ሊያመጣ ስለሚችል፣ የደም ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነም ማንሳት ተገቢ ነው።

ምግብ ሆድ ሲገባ ትልቁ አንጀት ስለሚነቃ፣ ከቁርስ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሳይቸኩሉ መጸዳጃ ቤት ይቀመጡ፤ መቀመጫው ከፍ ያለ ከሆነ እግርዎን በዱካ ላይ ያሳርፉ። የተጨነቀ ሰው መላላት ያለበትን የፊንጢጣ ጡንቻ ሳያውቀው ሊያጠብቀው ስለሚችል፣ ከማማጥ ይልቅ ትንፋሽን በቀስታ ማስወጣት ይረዳል። ተልባ፣ ቅንጬ፣ ምስርና አትክልት ጥሩ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ ማብዛት ግን ሆድ ስለሚነፋ ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ ውኃም አይጉደል። በእግር መሄድ ለሁለቱም ሕመም ይበጃል። ይህ ሁሉ ካልረዳ እንደ ላክቱሎስ ያለ ማለስለሻ ስለመጀመር ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያማክሩ።

ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ያለምክንያት ከቀነሰ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ድርቀት አዲስ ከጀመረ ወይም ትውከትና ብርቱ የሆድ ሕመም ካለ ምርመራውን አያዘግዩ። ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ የደብተሩ ምዝገባ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ለሚያምኑት ሰው ነግረው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አብረው ይሂዱ።