ጉዳያችሁን «ልዩ ልዩ» ውስጥ አታስገቡ

መንዝ ውስጥ ማስተማር ከጀመርኩ 17 ዓመቴ ነው። በመምህራን ስብሰባ ብዙ መልካም ሐሳብ ሲሞት አይቻለሁ፤ የሚሞተውም ከአጀንዳው ግርጌ፣ «ልዩ ልዩ» ላይ ነው። እዚያ ሲደረስ 11 ሰዓት አልፏል፤ ግማሹ ሰው ጋቢውን አጣፍቶ ተነሥቷል። «በሌላ ጊዜ እናየዋለን» ይባልና ይበተናል።

ስለዚህ አጀንዳ ሳይለጠፍ ጉዳያችሁን በጽሑፍ ለስብሰባው ጸሐፊ ስጡ። ጸሐፊው አብዛኛውን ጊዜ ከእኛው አንዱ ነው።

«ይታይልን» ብላችሁ ግን አትጻፉ፤ እንዲወሰን የምትፈልጉትን ራሱን ጻፉ። ውርጭ በሚበረታበት በኅዳርና በታኅሣሥ ትምህርት 2 ሰዓት ከ30 ይጀመር ስንል መጀመሪያ ተሳቀብን። «ብርድ ካልቻላችሁ ቆላ ተዛወሩ» ያለንም አልጠፋ። በዓመቱ በአንደኛው ክፍለ ጊዜ የሚዘገየውን ተማሪ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከስም መጥሪያ ላይ ቆጠርን። ከ30ው ደቂቃ 15ቱን ከእረፍት፣ 15ቱን ከመውጫ ሰዓት አካክሰን፣ ከሩቅ የሚመጡት ልጆች ሳይመሽባቸው ቤት እንዲገቡ አድርገን የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ሠርተን ገባን። ውይይቱ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

የገንዘብ ጉዳይ ከሆነ ቀድማችሁ ተነሡ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ የሚረቀቀው እኛ በሰኔ ፈተና እያረምን፣ ካርድ እየሞላን አንገታችንን በደፋንበት ሰሞን ነው። የትምህርት ክፍላችሁን ፍላጎት ከነዋጋው በግንቦት አዘጋጅታችሁ በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ውስጥ ላሉት ወኪሎቻችሁ ስጡ። እኛ አንድ ጊዜ ለቤተ ሙከራ ኬሚካል በመስከረም ብንጠይቅ ገንዘቡ በር ተቀብቶበታል። ቀለሙ እውነት ለመናገር ያምራል።

ከሁሉም የምለምናችሁ፣ ቃለ ጉባኤውን ሳታነቡ አትፈርሙ። መዝገቡ በር ላይ ሲዞር ሰው በባልደረባው ጀርባ ላይ አስደግፎ ይፈርማል፤ እኔም እንዲሁ አድርጌ፣ አምስት ሆነን የተቃወምነው ነገር «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ከፊርማዬ አጠገብ «በተራ ቁጥር 3 ላይ ልዩነት አለኝ» ብዬ እጽፋለሁ። የዚያን ቀን ፊት ይጠቁርብኛል፤ የአጎራባች ትምህርት ቤቶችን ስብስብ (ጉድኝቱን) የሚከታተለው ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ግን ገልጦ የሚያነበው ያንኑ መዝገብ ነው።